የማንዳር ሰሃን

ይድረስ ለወንድሜ ለማንዳር፤

ከፑኔ እስከ ሜልቦርን ያለው ባሕር ሳያደክመው ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔና እማዬ ደህና ነን። ስልክህ አልነሳ ሲለኝ በፖስታ ጻፍኩልህ፤ መቼም ኔትወርክ እዚያም ይጠፋል።

የአባባ ሙት ዓመት እንዳየኸው በስልክ ተጀመረ፤ ካህኑ በአንዱ፣ አንተ በሌላው። እማዬ እንደ ልማዷ "በላህ ወይ?" ስትልህ፣ ፈገግ እንዳልክ ምስልህ ደርቆ ቀረ። እሷ ግን አልዘጋችውም። "አብሮን ይብላ" ብላ ያንተንም ድርሻ በሰሃን አድርጋ፣ በረንዳው ላይ ለአባባ ከቀረበው ሩዝ አጠገብ፣ ከምስልህ ፊት አኖረችው።

ሙታን በቁራ አፍ ይበላሉና ቁራውን ጠበቅን። መጣ፤ የአባባን ሩዝ ግን አልነካም። አባባ ያልተፈጸመለት ምኞት ይኖራል ብላ እማዬ "ቤቱን አልሸጥም፣ ኬታኪንም እድራታለሁ" እያለች ቃል ገባች።

"ለማን ልትድሪኝ? ለቁራው?" ብዬ አሳቅኋት።

ቁራው ዘወር አለና ያንተን ሰሃን ጠርጎ በላ። ካህኑም "በቃ፣ ተቀብለዋል" ብሎ ወደሚቀጥለው ቤተሰብ ደወለ።

ይኸው ድምፅህን ካልሰማን ዘጠኝ ቀን ሆነ። እማዬ ሰሃንህን አላሳጥብ ብላኛለች። ቁራውም ማታ ማታ፣ አንተ በምትደውልባት ሰዓት፣ መስኮቱ ላይ ያርፋል። ላባርረው ስነሳ እጄን ትይዘኛለች። ትናንትማ ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ "በላህ ወይ?" አለችው።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ሁለት መስመር ትበቃናለች፤ ብቻ በገዛ እጅህ ጻፋት።

እህትህ ኬታኪ