የቁልፉ ግዝት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘነበ። በጥቅምት እንዲህ ያለ ዝናብ ማን አይቶ ያውቃል? ገበሬው የታጨደ ገብሱ ማሳ ላይ እንዳለ መድኃኒት ቤቴ ደጅ ተጠልሎ ሰማይ ሲያይ ዋለ። እኔም የሳል ሽሮፕ ስሸጥ ዋልሁ።

አመሻሽ ላይ መኪናዬ የይታያልን ባጃጅ ዘግታበት ቁልፍ ጠየቀኝ። ራሱ መኪናዋን ፈቀቅ አድርጎ ባጃጁን አወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባጃጁን ግቢዬ ሲያሳድር ሰፈሩ እንደ ወንድሜ ነው የሚያየው። «መኪና ያላት ሴት የመድኃኒት ካርቶኗን በባጃጅ ታስመጣለች» እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ነው። የእኔ ቪትዝ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ናት።

ጎረቤቴ እየሩስ ሕፃኑን ታቅፋ መጥታ ነበር። ክርስትናው ህዳር 5 ነው። ክርስትና አባቱ ይታያል። ይገባዋል… ምጥ ሲይዛት ለሆስፒታል ያደረሳት እሱ አይደል። እሱና ሚስቱ ጥላነሽ ልጅ የላቸውም። ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው። «አሁን ወለድሁ» ይላል አሉ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ቁልፉ የለም።

ቦርሳ… የለም። የጋዋን ኪስ… የለም። ፍራሽ ገለበጥሁ። ፍሪጁን ከፍቼ ኢንሱሊኑን ሳይቀር አንድ በአንድ አወጣሁ። የለም።

«ትርፍ ቁልፍ አሠሪ» ያላለኝ ማን አለ? የሸጠልኝ ሰውዬ እንኳ አንዱን ብቻ ሲሰጠኝ «ሌላ አሠሪ» ብሎኝ ነበር። ነገ አልሁ። ነገ ስል ሁለት ዓመት።

ይታያልን ጠየቅሁት። «በእጅሽ ሰጠሁሽ እኮ እታለም። ስልክ እያወራሽ ነበር።»

ስልክስ አውርቻለሁ፣ ከአከፋፋዩ ጋር። ቁልፍ መቀበሌን ግን አላስታውስም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ይህ ቁልፍ ተሰክቶ የሚዞር ዓይነት አይደለም። ኪስ ውስጥ ካለ ይበቃል። እጀታውን ሲነኩት በሩ ይከፈታል፣ አዝራር ሲጫኑ ሞተሩ ይነሳል። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የያዘው ሰው ገብቶ ውልቅ ማለት ይችላል።

ይታያልን እንደገና ጠየቅሁት። ሦስተኛዬ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«እታለም፣ ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?»

«አላልሁም።»

አላልሁም። አይደለህምም አላልሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከእሱ በቀር ማን ነካው?

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ቅዳሴ ሳይገባ ቄስ የሺዋስን ያዝኋቸው። ግዝት ይነገርልኝ አልሁ።

«ለቁልፍ?» አሉ። «ግዝት ከባድ ነው ልጄ። እስከ ሌላ ሰንበት ቆይተሽ ቤትሽን ደኅና አድርገሽ ፈልጊ።»

«ፈልጌ ጨርሻለሁ አባ።»

የንስሐ አባቴ ናቸው፣ ያውቁኛል። ያን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ የሰጠሁትን ቆርቆሮ አነሳሁባቸው። አዎ፣ አነሳሁት። አንገታቸውን ደፉ።

ሕዝቡ ሳይበተን ተናገሩት። የአይናዲስን የመኪና ቁልፍ የወሰደ፣ አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ ዝም ያለ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን። ስም አልጠሩም። ምን ስም ያስፈልጋል? ቁልፉን መጨረሻ የነካው እሱ መሆኑን ሰፈሩ ሰምቷል። ሰው ሁሉ ዞሮ ይታያልን አየ። እኔም አየሁት። ጥላነሽ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍሁት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ይታያል ባጃጁን ከግቢዬ አወጣ። «ላሳደርሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር።

የጨጓራ መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ሴት «ግዝት ያለበት ሰው ባጃጅ ላይ ማን ይወጣል?» አለች። «ኧረ እንዲህ አይባልም» አልሁ፣ ለአፌ ያህል። እሷም ገብቷታል።

ደብረ ማርቆስ ታረቀ የሚባል የመኪና ቁልፍ የሚሠራ ሰው አግኝቼ ደወልሁለት። መኪናዋ ስለማትንቀሳቀስ እዚሁ አምበር ድረስ ይመጣል። ባዶውን ቁልፍ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ እዚህ ኮምፒውተር ሰክቶ ከመኪናዋ ጋር ያስተዋውቀዋል። ሁለት እዘዝልኝ አልሁት፣ አንድ ዋና አንድ ትርፍ። «መንገዱ ክፍት ከሆነ በሳምንት ውስጥ» አለ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

የእየሩስ ባል አምሳሉ መጣ። ምንም አልገዛም። ባንኮኒውን ተደግፎ «ይታያልን ከክርስትናው አስቀረነው» አለኝ። «ነገሩ ሳይጠራ… ሕፃን ነው። ሰው ምን ይለናል።» በእሱ ፈንታ የአምሳሉ አጎት ያነሳዋል።

ለምን ለእኔ ነገረኝ? ደግ አደረግህ እንድለው?

«የእናንተ ጉዳይ ነው» አልሁት። ቆም ብሎ አየኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስሰጥ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። ደግነቱ ሳይወጡ አየሁት።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ጠዋት ያካፋ ነበር። ታረቀን ከመናኸሪያ ልቀበለው ስወጣ ጥቁር ጃንጥላዬን ከሚስማሩ አወረድሁ። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። በር ላይ ስከፍተው ቁልፉ እግሬ ሥር ወደቀ።

እጥፋቱ ውስጥ ነበር። አሥራ ሰባት ቀን።

አሁን ሁሉም መጣልኝ። በአንድ እጄ ስልክ፣ በአንድ እጄ ጃንጥላ። «እንኪ እታለም» ሲለኝ በጃንጥላው እጄ ነው የተቀበልሁት። እጁ እርጥብ ነበር። ያን እንኳ አስታወስሁ።

መጀመሪያ ምን አደረግሁ? ዙሪያዬን አየሁ። ሰው የለም። ይታያል ቤት ሮጬ መሄድ ነበረብኝ፣ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቁልፉን ጋዋኔ ኪስ ከተትሁት።

ታረቀ ጺሙ ሸበት ያለ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። «አሮጌ ቁልፍ ጭራሽ የለም?» አለ። «ካለ ቀላል ነው። ከሌለ የመኪናዋን የቁልፍ መዝገብ አጥፍቼ እንደገና ነው የምጀምር።»

«የለም» አልሁ።

መኪናዋ ተቆልፋለች። በሩን የሚከፍትበትን ሽቦ እያወጣ ሳለ፣ እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝና እጀታውን ይዤ ቆምሁ። ጢው አለችና ተከፈተች።

ታረቀ አየኝ። «ቀድሞም ክፍት ነበረች ማለት ነው» አልሁ። ገብቶ ኮምፒውተሩን ከመሪው ሥር ሰካ። እኔም ሥራ እንደሚቆጣጠር ሰው ገብቼ ጎኑ ተቀመጥሁ። አዝራሩን ሲጫን ሞተሩ ተነሳ።

አጠፋው። «እስኪ ውረጂና ራቅ በይ።» ወረድሁ። ተጫነ፣ እምቢ አለች። «እስኪ ነይ።» ገባሁ። ተነሳች። በአርባ ስድስት ዓመቴ እንደ ተማሪ ውጪ ግቢ እየተባልሁ ተመላለስሁ፣ ወደ ኪሴ ግን እጄን አልሰደድሁም።

መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ ቁልፉ አጠገባችን ነው ያለው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔን ማየት ትቶ ኮምፒውተሩን አየ። «አሮጌው ይቆይ ወይስ ይሰረዝ?»

ከተሰረዘ መኪናዋ አታውቀውም። ቢገኝም ተራ ፕላስቲክ ነው፣ ጉድጓድ ይገባል፣ ያልቃል። እንዲህ ነው ያሰብሁት። በቀን፣ ዓይኔ እያየ።

«ሰርዘው» አልሁ።

ሰረዘው። ሁለቱን አዲስ ቁልፎች ሰጥቶኝ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አልተናገርሁም።

ህዳር 2፣ ማክሰኞ

ታረቀ ደወለ። የዚያን ዕለት መናኸሪያ ሚኒባስ ሲጠብቅ ስለ ግዝቱ ሰው አጫውቶታል።

«አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ ዝም ያለ ነው አሉ የተባለው» አለኝ። «እኔን በምን ዕዳዬ አስገባሽኝ? እኔ ቆራቢ ነኝ። ባለፈው እሑድ ሳልቆርብ ቀረሁ። ባለቤቴ ምን ሆንህ ስትለኝ የምላት አጣሁ።»

«ይቅርታ» አልሁ። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ነገር ሆነች፣ ለእኔም አልተሰማችኝ።

«መጥቼ ስምሽን አላጠፋም። አንቺው ተናገሪ። ግን ከመጪው እሑድ እንዳያልፍ።»

የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ትል ነበር እናቴ። ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሴት ይመስለኝ ነበር።

ክርስትናው ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት እናገራለሁ። ሐሙስ። ሐሙስ አምሳሉ ቤት ሄጄ እናገራለሁ።

ህዳር 5፣ ዓርብ

ትናንት ሁለት ጊዜ ሄድሁ። አንዴ እንግዳ ነበራቸው፣ ተመለስሁ። አንዴ ማንም አልነበረም። እንዲያው ተመለስሁ።

ሕፃኑ ዛሬ ተጠመቀ። የአምሳሉ አጎት አነሳው። ደኅና ሰው ናቸው፣ ሕፃኑን ግን ስሙን እንኳ ጠይቀው ነው ያወቁት።

ይታያል አልመጣም። ጥላነሽ መጣች። ለክርስትናው ብለው ቀደም ሲል የገዙትን ነጭ ልብስ በፌስታል ይዛ ገባች፣ ለእየሩስ ሰጠቻት፣ ሳትቀመጥ ወጣች። እየሩስ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ «አይዞሽ» እላታለሁ። እኔ! ያኔም መናገር እችል ነበር። አፌ እንጀራ ነበረበት።

ክርስትና አባት አንዴ ነው። በኮምፒውተር አይቀየርም። አሁን ብናገር ለይታያል ምን ይጠቅመዋል አልሁ በልቤ። እንግዲህ ዝም ማለትን ለእሱ ብዬ አደረግሁት። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ ለካ።

ህዳር 7፣ እሑድ

ተናገርሁ።

መጀመሪያ ለቄስ የሺዋስ ለብቻቸው። ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እዚያው ይፍቱኝ ብዬ ላመልጥ ነበር ሐሳቤ። «ያስነገርሽው ለእኔ አይደለም ልጄ» አሉ። «ሕዝቡ በሰማበት ነው። እኔም ጥፋት አለብኝ፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነይ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ፣ ሕዝቡ ፊት ቆምሁ። «ይታያል ቁልፉን በእጄ ሰጥቶኛል» አልሁ። «ጃንጥላዬ ውስጥ ነበር። ካገኘሁት ዘጠኝ ቀኔ ነው። ደብቄው ነው።»

ማንም አልጮኸም። አንድ ሽማግሌ «ዘጠኝ ቀን?» አሉ። ያ ብቻ። ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አምሳሉ መሬት መሬት ያያል። ቄስ የሺዋስ ግዝቱን ፈቱ።

ይታያል በሩ አጠገብ ነበር። ሰው ገለል አለልኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተይ እታለም። ተነሺ።»

«ይቅር በለኝ።»

«የአንቺ ቁልፍ ተገኘልሽ» አለ። «የእኔ ልጅ ግን የሰው ሆነ።» ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ጥላነሽ ክንዱን ይዛ ወሰደችው።

ለታረቀ «ተናግሬያለሁ» ብዬ ጻፍሁለት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ሌላ ነገር አላለም።

ህዳር 18፣ ሐሙስ

የይታያል ባጃጅ ሰው ይሞላል። ሌላ ባጃጅ ባዶውን ቆሞ እያለ ሰው እሱን ነው የሚጠብቅ። አምሳሉና እየሩስ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ይቅር ብሏቸዋል። ሕፃኑን አቅፎ ብዙ ቆየ አሉ።

ወደ እኔም ሰው ይመጣል፣ ሌላ መድኃኒት ቤት ሩቅ ነው። ግን ድሮ ማንም የማይጠይቀኝን ይጠይቁኛል። «ጊዜው አላለፈበትም? እስኪ ቀኑን አንብቢልን።» ዛሬ አራት ሰው። አነበብሁላቸው። ማንበብ የማይችሉት «እውነትሽን ነው?» ይሉኛል። እውነቴን ነው እላለሁ፣ ፊቴ እየጋለ።

ትርፉን ቁልፍ ምን ላድርገው? ከዋናው ጋር ካስቀመጥሁት ምን ትርፍ ይባላል። የሚያምኑት ሰው ዘንድ ነው የሚቀመጥ። ሳስበው ሳስበው አንድ ሰው ብቻ መጣልኝ። ደግሞም ሰው እንዲያይ ፈለግሁ። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተራ ሄድሁ። ሌሎቹ ሾፌሮች ወሬያቸውን አቆሙ።

«ይታያል፣ ይኸን አንተ ያዝልኝ» አልሁት። «ቤትህ ይቀመጥ። ስፈልግ እጠይቅሃለሁ።»

ቁልፉን አየው። እጁን ግን ከመሪው አላነሳም።

«ቂም የለኝም እታለም» አለ። «ይቅር ብያለሁ፣ ከልቤ ነው። ካርቶን ሲኖርሽ ደውይ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አደርስልሻለሁ። ቁልፍሽን ግን አልይዝም። ጥላነሽ አስምላኛለች።»

ምን አስምላህ ነው ልለው አልሁና ተውሁት። ምን እንዳስማለችው ማን ያጣዋል?

ሁለት ሴቶች ሽንኩርት ይዘው መጡ። ወርዶ ጫነላቸውና ሄደ። ሾፌሮቹ ወሬያቸውን ቀጠሉ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ትንሽ ቆሜ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሁለቱንም ቁልፍ አንድ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወደ ቤቴ መጣሁ።