የአባዬ የጺም ብሩሽ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

እኔ ሶስና የአባዬን የጺም ብሩሽ ለሦስት ቀን መስረቄን በዚህ ደብተር ፊት በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ። ጸጸቱ እንኳ ያን ያህል አይደለም።

አንዲት እናት አይጥ በአባዬ ወጥመድ ሞታ፣ ገና ዓይኗ ያልተገለጠ አንዲት ልጇ ቀረች። የጫማ ካርቶን ውስጥ ደብቄአታለሁ። የባዮሎጂ ቲቸር እንዳለችን፣ እናት አይጥ ልጆቿን ስትልሳቸው አንጎላቸው ውስጥ ያለው ኬሚካል ይለወጣል፤ ሲያድጉም ድንጉጥ አይሆኑም። መቼም በምላሴ አልልሳት! ብሩሹ ለስላሳ ነው።

አባዬን በልጅነቱ በደንብ የላሰው ያለ አይመስለኝም። አይጥ ሲያይ ወንበር ላይ ይወጣል። ወጥመዱን እንኳ በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ነው ያስቀመጠው።

ትናንት በብሩሹ ስነካት ትንቀጠቀጥ ነበር፤ በጥጥ የሰጠኋትን ወተትም እምቢ አለች። ዛሬ ብሩሹን ሳሳርፍባት ግን ጸጥ አለች። ከዚያ አፏን ከፍታ ከጥጡ ላይ ወተት ጠባች። ትተርፋለች!

ብሩሹን አጥቤ መልሻለሁ። አባዬ ወሎ ሰፈር ለሽምግልና ሊሄድ አሁን እየተላጨ...

«ሶስና! ይሄ ብሩሽ ለምንድነው ወተት ወተት የሚሸተው?»

ወደ ክፍሌ እየመጣ ነው። ለታላቅ መነሳት ወግ ነውና ወንበሬን ልልቀቅለት። የሚወጣበት ሳያስፈልገው አይቀርም።