ከፍ ብሎ የተያዘ ገመድ

ውድ አብዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ቀብርህ ላይ አልደረስኩም፤ ፈተና ላይ ነበርኩና እማዬ መርዶውን ያስነገረችኝ ከሠልስትህ በኋላ ነው። አልተቀየምኳትም ብልህ ውሸት ይሆናል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለወቀሳ አይደለም። ትናንት ያንተን ሥራ ስሠራ ውዬ ገባሁ፤ ይህን የምነግረው ሰው ከአንተ ሌላ የለኝም።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የሮቤው ቤታችን በመጨረሻ ቆርቆሮ ለበሰ። ታናሽ እህቴ አጋርፋ ተድራለች፤ በየገበያው እየመጣች ታየናለች። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን እንደምታውቀው ነው። የአንተን ካፖርት ለማንም አልሰጠችም፤ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ አለ።

ዲግሪዬን ይዤ ስመጣ ሰፈርተኛው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሳይጨርስ፣ ሒሳብ ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው ይለኝ ጀመር። ሐኪም ያክማል፣ ሕግ የተማረ ይፈርዳል፤ የእኔ ነገር ለማንም አልገባም። እውነቱን ለመናገር እኔም አጥርቼ አላውቀውም ነበር። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ አዲስ አበባ ኢንሹራንስ ገብታ ሰው ስንት ዓመት እንደሚኖር ታሰላለች፤ እናቷ ይህ ሟርት ነው ብላ ጸበል ልትወስዳት ነበር። አንዱ ካርታ ሥራ ገባ፣ ሌላው ባንክ፣ ሌላው ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ንፋስና ዝናብ ይመዘግባል። የቀሩት በየአውራጃው አስተማሪ ሆኑ። ለእኔ ሁለት በር ተከፈተልኝ፤ ወይ እዚሁ ሮቤ ማስተማር፣ ወይ ጎባ መሬት ልኬት ገብቼ የለኪዎቹን ስሌት ማረም። እማዬ ጎባን መረጠች። አንተን ያባረረ ቤት ልጅህን ወንበር ስቦ ሲያስቀምጥ ማየት አማራት። እኔም አምሮኝ ነበር፣ አብዬ።

አንተ የለኪዎቹን ገመድ ጫፍ ይዘህ ከገሰራ እስከ ጎባ ስትዞር ትዝ ይለኛል። ተዳፋት ላይ የዋልክ ቀን እጅህ አይነሳልህም ነበር፤ ካፖርትህን የምታወልቅልህ እማዬ ነበረች። የመሬት ልኬቱ ሹም ገመድ መያዝ አያውቅም ብሎ ሲያባርርህ ትምህርት ቤት ልጆች ሳቁብኝ። እኔም ባንተ አፈርኩ። ገመድ መያዝ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር። ለምን እንዳባረሩህ ስጠይቅህ፣ ገብስ የሚበቅለው ወደ ሰማይ ነው እንጂ ወደ ተዳፋቱ አይደለም አልከኝ። ሰበብ መሰለኝ።

ሹሙ ዛሬም ያው ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ግን አንድም ቀን ስምህን አላነሳም። ሦስት ወር ሙሉ ለኪዎቹ ያመጡትን ርዝመትና ስፋት እያባዛሁ፣ ስሌቱ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ። ትክክልም ነበር። አንድም የማባዛት ስሕተት አላሳለፍኩም፤ በዚያም እኮራ ነበር።

ከዚያ ኦቦ ከድር መጡ። ከጎባ በላይ ተዳፋቱ ላይ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ከተመዘገበላቸው በላይ መሬት ይዘው ተገኙ ተብሎ፣ ትርፉ ለመንግሥት ሊወሰድና ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አልጮሁም። ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው ብቻ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መሬቴ እንዴት አደገ? እኔ ሳርሰው አላደገም።»

ፊታቸው እንደገና አባዛሁት። ያው መጣ። ትክክል ነው አልኳቸው፤ አልሐምዱሊላህ ብለው ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ አላስተኛኝም። በማግስቱ አንዱን ገመድ ያዥ፣ ተዳፋት ላይ ገመዱን እንዴት ነው የምትይዙት ብዬ ጠየቅኩት። መሬት ላይ እናስተኛዋለን፣ ይፈጥናል፣ የሹሙም ትእዛዝ ነው አለኝ። ያን ጊዜ ስለ ገብስ ያልከኝ መጣብኝ። ተዳፋት ላይ የተኛ ገመድ ርዝመት ይጨምራል፤ ገብሱ ግን አይጨምርም። ዩኒቨርሲቲ በሦስት ማዕዘን አስተምረውኛል፤ አንተ በክንድህ ታውቀው ነበር። የታችኛውን ጫፍ ከራስህ በላይ አንስተህ ገመዱን ታስተካክለው ነበር፤ የተባረርከውም ለዚህ ነው። ሮቤ ሜዳ ላይ ላደግኩት ለእኔ ግን፣ ወረቀቱን ሳርም አንድም ቀን ተዳፋት በዓይነ ኅሊናዬ አልመጣልኝም።

ጉዳዩ ሰኞ፣ ማለትም ትናንት፣ ቦታው ላይ ሊታይ ተቀጥሮ ነበር። ዓርብ ለሹሙ ፊርማዬን አነሳለሁ አልኩት። ረጋ ብሎ፣ ቋሚ ቅጥርሽ ገና አልጸደቀም አለኝ። እማዬ ደግሞ አባትሽ በዚህ ነገር የሆነው አይበቃም ወይ ብላ እሑድን ሙሉ አኮረፈችኝ። አልፈረድኩባትም፤ የፈራችው እውነት ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ወደ ጎባ ሄድኩ።

ሹሙ፣ ሽማግሌዎቹና ሁለት ፖሊሶች እርሻው ራስጌ ቆመው ጠበቁኝ። ፊርማዬ ስሕተት ነው አልኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ማባዛት አነሰ ወይ ብሎ ሹሙ አፌዘብኝ። ማባዛቱ ትክክል ነው፤ ስሕተቱ ገመዱ ነው አልኩት። እንግዲያው ለኪና አሳዪን አለ። ገመድ ያዦቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ጫፉን የሚያነሳ ጠፋ። አንስቼ ያዝኩት። ገመዱን አጥፈን ባጭር ባጭሩ ቁልቁል ወረድን፤ እኔ ከታች ሆኜ ከራሴ በላይ አነሳዋለሁ፣ ከላይ የኦቦ ከድር ልጅ ይይዛል። መንገዱ አጋማሽ ላይ ክንዴ ዛለ። ትንሽ ባወርደው ማንም አያይም። አላወረድኩትም። ጥግ እስክንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፤ አዲሱን ልክ ሳባዛው ትርፍ የተባለው መሬት የለም።

ሹሙ ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይተላለፋል አለ፤ የጠረጴዛዬንም ቁልፍ ተቀበለኝ። ስለዚህ መሬቱ ለኦቦ ከድር ይጽና አይጽና ገና አላውቅም። ሌሎች የፈረምኩባቸው የተዳፋት ወረቀቶችም አሉ። የባለቤቶቹን ስም ከደብተሬ ገልብጫለሁ፤ እየዞርኩ እነግራቸዋለሁ። የሮቤው ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል ስላሉ ነገ እጠይቃለሁ።

ትናንት ቤት ስገባ እማዬ እንዳኮረፈች ነበረች። ሹራቤን ላወልቅ ብል እጄ አልነሳ አለኝ። በሩ አጠገብ፣ ካፖርትህ ፊት፣ እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ። እማዬ አየችኝ። ተነስታ መጣችና አንዱን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሳበችልኝ፤ ከዚያ ሌላውን።

አብዬ፣ ባንተ ያፈርኩበትን ቀን አልረሳውም፤ ገመዱን እንዴት እንደያዝከውም አልረሳም። ይህን ስጽፍ እንኳ ክንዴ ያመኛል፤ እንዲሽርልኝ አልቸኩልም።

ልጅህ