ዳኘው ውበቱ በሀዲድ ላይ ከስኩተሩ የወረደበት ምክንያት

አሽዶድ፣ ሮቫ ቤት
ማርች 12 ቀን 2008

ለመሻገሪያ አደጋዎች አጣሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በአቶ ዳኘው ውበቱ ላይ የተጻፈው «አእምሮው የተዘበራረቀ» የሚል ቃል ከመዝገብ እንዲሰረዝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. አቶ ዳኘው ውበቱ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው የሚሄዱት ካልኖዒት በምንላት የአረጋውያን የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ጃንዋሪ 22 ቀን ረፋድ ላይ፣ ወደ ወደቡ በሚወስደው የጭነት ባቡር መሻገሪያ፣ ባቡር ስኩተሯን መትቶ በላያቸው ጣላት። ግራ እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ሦስት የጎድን አጥንታቸውም ተሰብሯል።

2. ጽሕፈት ቤታችሁ ያወጣውን ሪፖርት ልጃቸው ሲጋል ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። በገጽ ሁለት የተሰበረው ግራ እግር ነው፤ በገጽ አራት ቀኝ ሆኗል። አራተኛ ክፍል ሳስተምር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያመጣ ልጅ ከእረፍት ቀርቶ እንደገና ይጽፍ ነበር።

3. የመሻገሪያው ማስጠንቀቂያ ደወል «ይሠራል» ተብሏል። በእርግጥ ይሠራል። አደጋው በደረሰ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሠራተኛ መጥቶ፣ መሰላል አቁሞ ጠገነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መርማሪያችሁ መጥቶ አዳመጠው። በአደጋው ዕለት ግን ደወሉ አልጮኸም፤ መንገድ መዝጊያውም አልወረደም። ባቡሩ ራሱ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ፉርጎዎቹን እየገፋ፣ ከተደረደሩት ኮንቴይነሮች ጥግ ድንገት ብቅ አለ። መርማሪያችሁ ግማሽ ቀን በሜትር ሲለካ ውሎ ይህን አላገኘውም።

4. ሪፖርቱ «ተጎጂው ያለ ምንም ምክንያት በሀዲዱ መካከል ወርዶ ቆመ፤ አእምሮው የተዘበራረቀ ይመስላል» ይላል። በዚህ ቃል የተነሣ በተሰበረችው ምትክ ሌላ ስኩተር እንዳይሰጣቸው ታግዷል። አፕሪል 3 ቀን የሚሰበሰበው ስኩተር ፈቃጅ ኮሚቴም ይህንኑ አንብቦ ለዘለቄታው ሊከለክላቸው ነው። ወደ ጸሎት ቤትም ሆነ ወደ ገበያ የሚያደርሳቸው ሌላ ነገር የለም። እግራቸው ቢድንም ከቤት አይወጡም ማለት ነው።

5. ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

በገጽ ሦስት «አንዲት አሮጊት በአካባቢው ነበረች» ተብሎ ተጽፏል። አሮጊቷን ግን ማንም አልጠየቃት። ከወዲያ በኩል በእግሬ እየተሻገርኩ ነበር። ዳኘው ጎንደር አጠገብ ባለች መንደር ተማሪዬ ነበር፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቻለሁ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው መምህሩን መንገድ ላይ ሲያገኝ ይወርዳል። ተቀምጦ ሰላም ማለት ነውር ነው። ይህን ለክፍሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የዘነጋውንም በአለንጋ አስታውሰው ነበር። እናም ሀዲዱ መካከል ስንገናኝ ስኩተሯን አቁሞ፣ በዚያ ጉልበቱ ወርዶ እጅ ነሣኝ። «እትዬ ዘቢደር፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለኝ።

እዚያ መቆም ስህተት መሆኑን አልክድም። ሰላምታውን ያረዘምኩት ግን እኔ ነኝ። ስለ ሲጋል ጠየቅኩት፤ ስለ ጉልበቱ ጠየቅኩት፤ ባርኔጣው ስለተጣመመበትም ገሠጽኩት።

ባቡሩን ቀድሞ ያየው እሱ ነው። በሁለት እጁ ገፍትሮ ከሀዲዱ አወጣኝ። ለራሱ ጊዜ አልበቃውም።

6. ሪፖርቱ በመጨረሻው ገጽ ለኢትዮጵያውያን አረጋውያን ስለ ባቡር ምንነት ትምህርት እንዲሰጥ ይመክራል። ባቡር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ትምህርቱ የግድ ነው ካላችሁ፣ አስተማሪው አስቀድሞ ግራና ቀኝ ይለይ።

7. ስለዚህ ያ ቃል ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት እንዲሰረዝ፣ ይህ የምስክርነት ቃሌ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ፣ ደወሉም ሰው ከተሰበረ በኋላ ሳይሆን በፊት እንዲፈተሽ እጠይቃለሁ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ መጀመሪያ ያነሣው የእግሩን ነገር አልነበረም። «እትዬ፣ ስለገፈተርኩዎት ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። ያን በጀሶ የታሰረ እግሩን ይዞ ሊነሣልኝ ሲታገል ተቆጥቼ አስተኛሁት። አእምሮው ተዘበራረቀ የምትሉት ሰው ይህ ነው።

ለጽሕፈት ቤቱ የሚገባውን ያህል ሰላምታ በማቅረብ፣

(ፊርማ)
ዘቢደር አንዳርጌ
ጡረታ የወጣሁ መምህርት፤ በሪፖርታችሁ ገጽ ሦስት «አንዲት አሮጊት»