ከእጮኛዬ ጋር እህትና ወንድም ላደረጉን ሹም

ለክቡር ዶን ኤቫሪስቶ ቪያሎቦስ
የሳን ሂላሪዮ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ከዋና ከተማችን ከሊማ አየሩ ወደሚሳሳበት ተራራችን ከመጡ ጀምሮ ያልለቀቀዎት ራስ ምታት በኮካ ቅጠሉ ሻይ ጥቂት ቀለል እንዳለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጭንቅላትዎ ለእኛ ብዙ እየሠራልን ነውና።

እኔ በገበያው ጥግ ዳቦ የምጋግረው፣ አንዱን ኪስፔ ከአባቴ ሌላውን ከእናቴ የወረስኩት ኤውላሊያ ኪስፔ ኪስፔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከእጮኛዬ ከፋውስቲኖ ኪስፔ ኪስፔ ጋር ለቅዳሜው ሠርጋችን ልንመዘገብ በቀረብን ጊዜ፣ የሁለታችንም የልደት ወረቀት አባት ቶሪቢዮ ኪስፔ፣ እናት ሳቱርኒና ኪስፔ እንደሚል አይተው እህትና ወንድም መሆናችንን ስላበሰሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በሠላሳ አራት ዓመቴ ወንድም አገኘሁ። ከዚህ ቀደም ከንፈሩን ስሜው ስለነበር ግን ትንሽ ደንግጫለሁ።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ስሙ። ኪስፔ በአያቶቻችን ቋንቋ ነጻ ማለት ነው፤ እንደ መስታወት የጠራ የሚሉም አሉ። በድሮ ዘመን አንድ ቄስ ሕዝቡን ወንዝ ዳር አሰልፈው ሲያጠምቁ፣ የመጀመሪያው ሰውዬ ስሙን ኪስፔ ሲላቸው፣ የተቀረውን ሰልፍ በሙሉ ኪስፔ ብለው ጽፈው ወደ ምሳቸው ሄዱ ይባላል። እንግዲህ የሚያዛምደን ደም ሳይሆን የቄሱ ረሃብ ነው።

ሁለተኛ፣ አምና በግ የሰረቀው ኪስፔ ነበር፤ የተሰረቀበትም ኪስፔ፣ የያዘው ፖሊስም ኪስፔ፣ የፈረደበትም ዳኛ ኪስፔ። በጉዳዩ ውስጥ ኪስፔ ያልነበረችው በጓ ብቻ ናት። ያን ጊዜ የቤተሰብ ጠብ ነው ያለን ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ግን ልቤን በሳቅ ሊያፈርሰው ነው። አባቶቻችሁን አምጡ አሉን፤ አመጣን። ባርኔጣ ሰፊው አባቴና ድንች ገበሬው የፋውስቲኖ አባት በመስኖ ተራ ከተጣሉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነውና አብረው አይገቡም። የእሱ አባት ሲወጣ የእኔው ገባ። እርስዎም ሁለቱም የሚያደርጉትን ያንኑ ነጭ ባርኔጣ አይተው፣ “ሽማግሌው፣ አሁን ወጥተህ አልነበር እንዴ?” አሉት። አባቴ፣ “ከዚያ ውሃ ሌባ ጋር አንድ ሰው ከምባል በቁሜ ቅበሩኝ” ሲል፣ ከኮሪደሩ “ሌባስ አባትህ” የሚል መልስ መጣ። እርስዎ ግን ሰውዬው ከውስጥም ከውጭም ሆኖ ራሱን ሲሳደብ እየሰሙ፣ አንድ አባት ብለው ማህተምዎን መቱ።

ክቡር ሆይ፣ የፋውስቲኖ ፈቃድ ሰኞ ያልቃል፤ ወደሚሠራበት የማዕድን ማውጫ ከተመለሰ እስከ ከርሞ አይመጣም። ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ ሰባተኛውን አልችልም። እየሳቅኩ ብጽፍም ማክሰኞ ከቢሮዎ ስወጣ አልቅሻለሁ። ቅዳሜ መጋባት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ለማህተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዓይንዎ መነጽር እየተመኘሁ፣

የእጮኛዋ እህት፣ የአማቷ ልጅ፣
ኤውላሊያ ኪስፔ ኪስፔ

ማስታወሻ፦ የውሳኔዎን ግልባጭ ሹመትዎን በየዓመቱ ለሚያድሱልዎ ከንቲባችን ለክቡር ፕሩደንሲዮ ኪስፔ ኪስፔና ለባለቤታቸው ለዶኛ ቤኒግና ኪስፔ ኪስፔ አድርሻለሁ። የሁለቱም አባት ኤውሴቢዮ፣ የሁለቱም እናት ቶማሳ ይባላሉ። ሰባት ልጆች ያፈሩት እህትና ወንድም ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሊያመሰግኑዎት ቢሮዎ ይመጣሉ።