ፀሐይን በወንፊት ያሳዩን መምህርት ወይንሸት አላምረው (1960–2018 ዓ.ም.)

መምህርት ወይንሸት አላምረው ከአባታቸው ከመሪጌታ አላምረው ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን እንግዳው ሚያዝያ 12 ቀን 1960 ዓ.ም. በቆቦ ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ ከእሳቸው ሌላ ለቤቱ የተረፈው ታናሽ ወንድማቸው እንዳለው ብቻ ነው። ይህን የጻፈውም፣ አሁን ቆሞ የሚያነብላችሁም እሱ ነው። ቀኝ ዓይኑ ፊደል ስለማይለይለት ቀስ ቢል ታገሡት።

ወይንሸት ከልጅነታቸው ጀምሮ ጥያቄ የማያልቅባቸው ነበሩ። አባታቸው ለደቀ መዛሙርት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ እሳቸው በበሩ ጀርባ ተቀምጠው በአበቅቴ የጨረቃን ቀን መቁጠር ለመዱ። አሥር ዓመት ሲሆናቸው አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጨረቃ ሞልታ በዞብል ተራራ ብቅ ብትል ወደ አባታቸው ሮጠው፣ «አባባ፣ በእርስዎ ቁጥር ገና ናት፤ እሷ ግን ሞልታ ወጣች!» አሏቸው። ሌላ አባት ቢሆን በኩርኩም ነበር የሚመልስላቸው። መሪጌታ ግን ወደ ተራራው ዞር ብለው አዩና፣ «እኔ የያዝኩት የአባቶችን ቁጥር ነው። የቸኮለች እሷ ናት» ብለው ሳቁ። በማግሥቱ ደብተር ገዝተው ሰጧቸውና የሰማይዋን ጨረቃ ዕለት ዕለት እየተከታተሉ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ያ ደብተር እስከ ዛሬ በቤታቸው አለ።

በ1967 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚሁ ቆቦ ተምረው በየዓመቱ ከአንደኛነት ወይም ከሁለተኛነት አልወረዱም። የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ በየካቲት 1972 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው።

ያን ጊዜ ፀሐይ ልትጋረድ ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ከተማው ተሸበረ። አንዱ በሩን ዘግቶ እግዚኦ ይላል፣ ሌላው በገበቴ ውኃ ሞልቶ ጥላዋን ሊያይ ይጠብቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ወይንሸት ሁለት የጠርሙስ ስባሪ በኩራዝ ጭስ አጠቆሩና አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለሰባት ዓመቱ እንዳለው አደረጉ። «ትንሽ ትንሽ ብቻ እይበት፣ ቶሎ ቶሎም ዓይንህን መልስ» ብለውም አስጠነቀቁት። ሲመሽ ልጁ አንድ ጥቁር ነገር በቀኝ ዓይኑ መካከል ተቀምጦ አልነሣ እንዳለው ተናገረ። ጸበል ተወሰደ፣ ሐኪም አየው፣ አልተነሣም። ዛሬም ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ቢያይ ጆሮና ትከሻ እንጂ ፊት አያገኝም።

ማንም ሳይጠይቃቸው ወይንሸት በእናት በአባታቸው ፊት ቆመው፣ «ጠርሙሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእንዳለውን ውኃ የሚቀዱት እሳቸው፣ ደብተሩን የሚሸከሙት እሳቸው፣ ከሰሌዳ ያመለጠውን የሚያነቡለት እሳቸው ሆኑ። ግራ ዓይኑ እኮ እንደ ንሥር ነው የሚያየው! እንዳለውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተመቸው።

በ1978 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት ሲያጠናቅቁ ዘመድ ሁሉ ሐኪም ይሆናሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ፊዚክስ መረጡ። እናታቸው፣ «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» ቢሏቸው፣ «ሐኪም የጠፋ ዓይን አይመልስም፤ መምህር ግን ሳይጠፋ ያስጥላል» ብለው መለሱ። አዲስ አበባ በሚገኘው የኮተቤ መምህራን ኮሌጅ ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁ። በ1981 ዓ.ም. ከቆቦ አቅራቢያ ሮቢት በመምህርነት ተመድበው የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እንደተቀበሉ እንዳለውን ይዘው ደሴ ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ። ሐኪሙ ጠባሳው እንደማይድን ነገራቸው።

በ1985 ዓ.ም. የመስኖ ፓምፕ ጥገና ባለሙያ ከሆኑት ከአቶ ሙሉጌታ በላይነህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ሕይወትንና በረከትን አፍርተዋል። አቶ ሙሉጌታ ነገረኛ ሰው አይደሉም። ባለቤታቸው የፓምፕ ቧንቧ ቆርጠው ሰማይ ለሚያዩበት አጉሊ መነጽር ማቀፊያ ሲያደርጉባቸው እንኳ፣ «እንግዲህ ገበሬው ይጠብቃ» ከማለት በቀር አልተቆጡም። በዚያ መነጽር የጨረቃን ጋራና ሸለቆ ያላየ የቆቦ ሰው ካለ ሳያይ የቀረው በራሱ ስንፍና ነው።

በ1988 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ተዛውረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ጀመሩ። በክረምት መርሐ ግብርም ባሕር ዳር ተምረው በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ሰማይን ለጀማሪ ሲያስረዱ የሚያህላቸው አልነበረም። ትልቅ ዱባ ከገበያ አምጥተው በሜዳው ጫፍ ያስቀምጣሉ፤ ፀሐይ ነው። ከዱባው ስድሳ እርምጃ ቆጥረው አንዲት የማሽላ ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው ይቆማሉ፤ ምድራችን ናት፣ ከነተራራዋ ከነውቅያኖሷ። ከማሽላዋ ግማሽ ስንዝር ርቃ አንዲት የጤፍ ቅንጣት አለች፤ ጨረቃ ናት። «ታዲያ ይቺ ጤፍ ያን ዱባ እንዴት ትጋርደዋለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ተማሪው ሲጨነቅ፣ ጤፏን ወደ ዓይኑ እንዲያስጠጋ ያዙታል። ዱባው ይጠፋል! ሜዳው በሳቅ ይሞላል። ቀጥለውም፣ «በሰማይ ያሉት ከዋክብት ሁሉ እንዲህ ያሉ ዱባዎች ናቸው፤ ለእኛ የሚቀርበውን ሁለተኛውን ዱባ ለማኖር ግን ከዚህ ተነሥቶ አሜሪካ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል» ይላሉ። ያኔ ሳቁ ይቆምና ልጆቹ ወደ ላይ ያያሉ።

በየዓመቱ ግን የመጀመሪያው ትምህርታቸው ዱባው አልነበረም። መስከረም ላይ ክፍል እንደገቡ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ ወይንሸት በጥላሸት ጠርሙስ የወንድሜን ዓይን አጥፍቻለሁ። እናንተ እንዳታጠፉ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርት በተከፈተ ቁጥር ሳይዘሉ ይህን ብለዋል። እንዳለው በገበያ ሲያልፍ የተማሪ ዓይን ሁሉ ወደ ቀኝ ዓይኑ ነበር። ዛሬ ከዚህ ከቆማችሁት ስንቶቻችሁ ያን ቃል ሰምታችኋል!

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በአካባቢያችን ቀጭን ቅርፊት እስክትሆን እንደምትጋረድ ሲሰማ መምህርት ወይንሸት ከወር በፊት ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። ዘመኑ የኮሮና ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ሰው መሰብሰብ ተከልክሏል። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ስለ ኮሮና የሚለፍፈው ባጃጅ ላይ ወጡና ማይኩን ተረከቡ። «እጃችሁን ታጠቡ» ይልና ሹፌሩ፣ ተቀብለው፣ «እሑድ ጠዋት ፀሐይን ቀና ብላችሁ አትዩ! በራጅ ፊልም አትዩ፣ በጥላሸት አትዩ፣ በውኃም አትዩ! ቀዳዳው ሰፋ ያለውን የእህል ወንፊታችሁን አውጡና ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ መሬት መሬቱን እዩ!» ይላሉ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ከቆቦ ሮቢት፣ ከቆቦ ዋጃ ተመላለሱ። በየሱቁ በረንዳ ተሳቀባቸው። «ወይንሸት ፀሐይን በወንፊት ልትነፋት ነው!» ተባለ።

ያልሳቁት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኡሙልኸይር ነበሩ። «የሷን ነገር አታቃልሉ፤ የልጅ ዓይን ነው» ብለው ነገሩን ለመስጊዱ ኢማም አደረሱ። ኢማሙም የግርዶሹን ሶላት ሲያሳውቁ የወንፊቱን ምክር ጨምረው አስተላለፉ። በቤተ ክርስቲያንም ካህናቱ ተናገሩ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ቆቦ ወንፊቷን ይዛ ወጣች። ከእያንዳንዱ ወንፊት ሥር፣ በአቧራው ላይ፣ መቶ ትንንሽ ፀሐይ ተነጠፈ፤ ሁሉም እንደ ማጭድ የጎበጠ። በኒም ዛፎቹ ጥላ ውስጥ እንኳ በየቅጠሉ ክፍተት ያለፈው ብርሃን ማጭድ ማጭድ ሆኖ አስፋልቱን ሞላው። የሳቁት ሁሉ «ወይ ጉድ!» እያሉ መሬት ለመሬት አጎነበሱ። ወይዘሮ ኡሙልኸይር፣ «ሱብሓነላህ! ወይኑ፣ ፀሐይን ደጄ ድረስ አመጣሽልኝ» አሏቸው። መምህርት ወይንሸት ግን መሬቱን አላዩም። ቀና ያለ ልጅ እንዳይኖር በየመንደሩ እየሮጡ የሰዉን አንገት ነበር የሚያዩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በየጤና ጣቢያው እየዞሩ ዓይኑን አሞት የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አልነበረም። በስምንተኛው ቀን እንዳለው ቤት መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። «አንድም ዓይን አልጠፋም፣ እንዳለው። አሁን እንኳ ማረኝ» አሉት። እንዳለውም፣ «ምሬሻለሁ፣ እትዬ» አላቸው።

በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ባሳለፈችው መከራ የሰማይ ማያ መነጽራቸው ቢጠፋም መምህርት ወይንሸት ትምህርቱ ሲከፈት ዱባቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በጨጓራ ካንሰር ታመው በደሴና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን አቶ ሙሉጌታን፣ ልጆቻቸውን ሕይወትንና በረከትን፣ ወንድማቸውን እንዳለውን፣ እንደ እህት የኖሩትን ወይዘሮ ኡሙልኸይርን፣ ቁጥር የሌላቸውንም ተማሪዎች ትተውልናል።

አሁን ግን ይህ ታሪክ ሳይታረም መቃብሩ አይዘጋም። በየካቲት 1972 ዓ.ም. እንዳለው የተሰጠውን ጠርሙስ ይዞ ጓሮ ዞረ። ጥላሸቱ ፀሐይን አደብዝዞ ቢያሳየው ናቀው። ካቡ ላይ አስቀመጠውና ግራ ዓይኑን ጨፍኖ በባዶው ቀኝ ዓይኑ አፍጥጦ አያት። «በባዶ ዓይን እንዳታይ» ተብሎ ነበር፤ ጀግንነት መስሎት አየ። ያን ጊዜ ቁጣ ፈርቶ ዝም አለ። ኋላም ውኃ ሲቀዳለት ደስ እያለው ዝም አለ። ሲያድግም አፍሮ ዝም አለ። በየመስከረሙ ክፍል ውስጥ የሚባለውን እያወቀ ዝም አለ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ እንኳ እውነቱን መንገር ትቶ ምሬሻለሁ አላቸው። ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አወራ።

ጥላሸት ዛሬም ለዓይን መከለያ አይሆንም፤ በዚህ መምህርቷ ልክ ነበሩ። የወንድማቸውን ዓይን ግን አላጠፉም። ተማሪዎቻቸው ሆይ፣ የነገሯችሁን ሁሉ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ያቺን «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን አንዷን ቃል ሰርዙላቸው።

ከዋክብትን በስማቸው የሚጠራ አምላክ የእሳቸውንም ስም ጠርቶ በቅዱሳኑ መካከል ያስቀምጣቸው፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ።

እትዬ፣ ማሪኝ።