የሲኞራ ኦርሶላ ጫካ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሮም

ዝናብ። ሐሙስ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነበርኩ። ከአገሬ ልጅ ከቅድሳን ጋር ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ስንል ዋልን። አዲስ ጫማ ገዝታለች። ጠቧታል፣ ግን አልጠበበኝም ትላለች። እያነከሰች! ሳቅን።

ስመለስ አሠሪዬ ሲኞራ ኦርሶላ ጭናቸው ላይ ፖስታ ይዘው ይጠብቁኛል። "አሴ፣ ማነው የጻፈልኝ?" አሰለፈች ማለት አቅቷቸው ነው አሴ የሚሉኝ። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም። ዘንድሮ ደግሞ ብሶባቸዋል።

የላከው የወንድማቸው ልጅ ሬንዞ ነው። በተወለዱበት የተራራ መንደር፣ ቫልኔራ በሚሉት፣ ትልቅ ሆቴል አለው። የበረዶ ሸርተቴው የተጀመረበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ነውና የመንደሩን ታሪክ በባለቀለም መጽሔት አሳትመዋል። አነበብኩላቸው። "ከሸርተቴው በፊት በቫልኔራ ምንም አልነበረም። ሕዝቡም መሬቱን በደስታ ሰጠ..."

እዚህ ላይ አስቆሙኝ።

"ምንም? እኛስ ምን ነበርን?"

እራት አልበሉም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

ደብተር ግዢ አሉኝ። "እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ።" ጣልያንኛዬ አዲስ አበባ ከጣልያን መነኮሳት ትምህርት ቤት የለቀምኩት ነው፣ ስህተት ይበዛዋል አልኳቸው።

"ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም። እኔም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም።"

ይህን ሁሉ የመጻሕፍት መደርደሪያ ስወለውል የትልቅ ሰው ልጅ ይመስሉኝ ነበር። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ይህን አላውቅም? እሳቸውስ ስለኔ ምን ያውቃሉ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ያህል እንጽፋለን። እጄ ዝሏል፣ ግን ደስ ይለኛል።

ቤቶቹ ከእንጨት ነበሩ። ታች ላሞቹ፣ ላይ ሰዎቹ። "የላሞቹ ትንፋሽ ነበር ማሞቂያችን።" ክረምቱ ግማሽ ዓመት ነው። ሲነጋ በሩ በበረዶ ተደፍኖ አባታቸው ባቲስታ በመስኮት ወጥተው ይዝቃሉ። ብዙዎቹ ሴት ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሚላኖ ወርደው የሰው ቤት ይሠራሉ። "አክስቴም እንዳንቺ ነበረች" አሉኝ። ይከፋኛል ብዬ ጠበቅኩ... አልከፋኝም።

አንድ ቀን አንድ እንግሊዝ እግሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ሳንቃ አስሮ ከተራራው ቁልቁል መጣና ወደቀ። ሲኞራና አብሮ አደጋቸው ማዳሌና ሞተ ብለው ሮጡ። ተነስቶ ሳቀባቸው። ተመልሶም ወጣ።

"ለምን ወጣ? ሊወርድ። ለምን ወረደ? ሊወጣ። አባቴ ሳምንት ሙሉ ሲስቅ ከረመ።"

እኔም ስስቅ እስክሪብቶው ወደቀብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ስለ ጫካው። ከመንደሩ በላይ ጥብቅ ደን ነበር። ማንም ቅርንጫፍ አይነካም። ለሬሳ ሣጥን እንኳ ሳንቃ ከዚያ አይወጣም። በረዶው ከላይ ሲናድ የሚያቆመው እሱ ነዋ።

በነሱ አቆጣጠር በ1933 አንድ ኩባንያ ሰውን በሽቦ ወደ ላይ የሚጎትት መኪና ሊተክል መጣ። መሬት የሚለካ አንድ ወጣትም አብሮ መጣ። ግድግዳው ላይ ፎቷቸው የተሰቀለው ሟቹ ባለቤታቸው... ለካ በዚህ ነው የተገኙት!

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባቴ ፈረመ።"

"ዛሬ ይበቃል" አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ደብተሩን ከጠሩት ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው። አልጠየቅኳቸውም።

ከእህቴ ከጣይቱ ደብዳቤ መጣ። ጤና ነኝ፣ ሁሉ ደህና ነው ትላለች። በመንገድ ላይ እንደሚከፈት ስለምታውቅ ሌላ ምን ትበል? መጨረሻው ላይ ብቻ፣ "እዚያ ቤታቸው ሰፊ ነው?" ብላለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ወንድማችን ተወስዶ ካልተመለሰ ወዲህ ብቻዋን ናት። የሥራ ጥሪ ወረቀት ካልተላከላት የመውጫ ቪዛውን እንኳ መጠየቅ አትችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ሬንዞ መጣ። አይብ ይዞ፣ ሽቶ ተቀብቶ። የቀረውን የጫካ ቁራሽ፣ የሲኞራ ድርሻ የሆነውን፣ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሚያወጣ አዲስ የገመድ መስመር ይፈልገዋል። አራት ገጽ ውል አምጥቷል።

ሲኞራ "ውል አዋዋዩ ኖታዮ ሲያነብ ያንበለብለዋል፣ አይገባኝም። መጀመሪያ አሴ ቀስ ብላ ታንብብልኝ" አሉት።

ወጥ ቤት ተከትሎኝ ገባ።

"አሎራ፣ እንግዲህ... ሦስተኛውን ገጽ ዝለይው። አክስቴ አሮጊት ናት፣ በከንቱ ትደነግጣለች።"

"ምን ይላል?"

"ስለ ዛፍ ነው። አንቺ አገር ቤት ዘመድ አለሽ? ሆቴሌ አልጋ የምታነጥፍ ሴት ይፈልጋል። የጥሪውን ወረቀት በዚህ ሳምንት እፈርማለሁ።"

እህት አለችኝ አልኩት። አፌን ምን ከፈተው?

እሱ እንደወጣ ለጣይቱ ጻፍኩ። "ሥራ ተገኝቷል ማለት ይቻላል።" ሮጬ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

ሾርባው አረረብኝ። ሲኞራ ዝም ብለው በሉት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ለቅድሳን ነገርኳት። መንገድ መሃል ቆማ ቀረች።

"እህትሽ ናት! ጫካው ምንሽ ነው? እኔ ብሆን ሦስተኛውን ገጽ አይደለም፣ አራተኛውንም ጨምሬ እውጠዋለሁ።"

እውነቷን ነው። እውነቷን ነው አይደል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

አነበብኩላቸው።

አንደኛው ገጽ፣ ሁለተኛው... ቀስ እያልኩ። ሁለተኛው ሲያልቅ ጣቴ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ያዘ። መግለጥ ብቻ ነው፤ ማንም አያይም። ጣይቱ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ሲኞራ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ጀግንነት እንዳይመስል፤ ፈርቼ ነበር።

ወረቀቶቹን ለየኋቸው። "ከቤቶቹ በላይ እስከ ጅረቱ ድረስ ያለውን ዛፍ ሁሉ የመቁረጥ መብት..."

"ድገሚው።"

ደገምኩት።

"ሬንዞ ዝለይው ብሎሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ምን ሊሰጥሽ?"

ነገርኳቸው። ስለ ጣይቱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ወንድማችንም። ስለ ወንድማችን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ ዘልዬዋለሁ፣ አሴ። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ከቤቱ የተማርኩ እኔ ነበርኩ። ስለ ግጦሹ አነበብኩለት፣ ስለ ጫካው ያለውን መስመር ዘለልኩት። መሬት የሚለካው ልጅ ሮም እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። ከዚያ የላሞች ትንፋሽ መውጣት ፈለግኩ... በሃያ አምስት ዓመቴ።"

የጫካው የላይኛው ግማሽ ተቆረጠ። ሸርተቴ ሆነ፤ ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራ፤ የላሞቹ በረት መጠጥ ቤት ሆነ። በነሱ 1951 ክረምት በረዶው በዚያው በተመነጠረው በኩል ተናደ። አራት ቤት ወሰደ። የማዳሌናን እናት፣ የማዳሌናንም ትንሽ ልጅ።

"ለቀብሩ አልሄድኩም። ታምሜያለሁ ብዬ ጻፍኩ።"

እጃቸውን ያዝኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

እሑድ፣ ኅዳር 19

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። "ጻፊ" አሉኝ። ሁሉንም አጻፉኝ። "እኔ ኦርሶላ፣ የባቲስታ ልጅ..." አንድም ጊዜ አላቆሙም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ሁለት ግልባጭ ጽፌ ላክኩ። አንዱ ለመንደሩ ቄስ፣ አንዱ ለማዳሌና። በሕይወት እንዳለች ሲኞራ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ሬንዞ ደወለ። አክስቱ አልፈርምም አሉት። ጩኸቱ እኔ እስከቆምኩበት ይሰማል። ከዚያ እኔን አቅርቡልኝ አለ። "ለሆቴሉ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ" አለኝና ዘጋው።

ለወጉ ያህል ትንሽ አለቀስኩ። ሲኞራ ሰምተው ነበር። "የኋላው ክፍል ባዶ ነው። ጥሪውን ለምን እኔ አልፈርምም?" አሉኝ። እኔ እኮ አስቤው አላውቅም! የሰው ቤት ነዋ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 13

የጥሪውን ወረቀት ልናስገባ አብረን ቢሮ ሄድን። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ክንዴን ይዘው። ከቤት ሲወጡ ይህ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? ሠራተኛው ወራት ይፈጃል አለ። ከዚያ ደግሞ የአዲስ አበባው የመውጫ ቪዛ አለ። ቢሆንም ወረቀቱ ገብቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 5

ነፃ ቀኔ ነው፣ አልወጣሁም። ከማዳሌና መልስ መጣ። አጭር ነው፤ እንዳነበብኩላቸው እዚህ ልገልብጠው።

"ኦርሶላ፣ ቄሱ ጽሑፍሽን ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አነበበው። ሬንዞ ተነስቶ ወጣ። ሌሎቻችን ተቀምጠን ሰማን። ለኔ አዲስ ነገር አልነበረም። አባትሽ በቀብሩ ቀን ነግሮኛል። ዛፍ ቆራጮቹ የመጡ ጊዜ የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ሄዶ ሌላ ሰው አስነብቦታል። 'ያነበበችልኝ ልጄ ናት፤ ለማንም አትንገሪ፣ ራሷ ትናገር' አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቅኩሽ። ተቀይሜሻለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ነይ። ስልክ አስገብቻለሁ።" ከሥሩ ቁጥር።

ሲኞራ፣ "ያውቅ ነበር?" አሉ። "በየፋሲካው ደብዳቤ ያስጽፍልኝ ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ላሞቹ... ያውቅ ነበር?"

ከዚያ ቁጥሩን ምቺልኝ አሉ። መታሁ። ወንበር አቅርቤ መነጋገሪያውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ሲኞራ ማውራት ጀመሩ። በጣልያንኛ አይደለም፤ በመንደራቸው ቋንቋ። እዚህ ቤት ሰምቼው አላውቅም።

በሩን ዘግቼላቸው ወጥ ቤት ገባሁ። ለጣይቱ ጻፍኩ። የሆቴሉ ሥራ እንደቀረ፣ ያስቀረሁትም እኔ ራሴ መሆኔን፣ ለምን እንደሆነም። ትቆጣኝ ይሆናል። የሲኞራ ወረቀት እንደገባም ነገርኳት፤ ተስፋ ግን አላበዛሁባትም። የምታውቃት አንዲት የኛ ሴት እሑድ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች ብላኛለች ቅድሳን። በእጅ እልከዋለሁ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሲኞራ እስካሁን ስልኩ ላይ ናቸው። ቅድም ያለቅሱ ነበር። አሁን ይከራከራሉ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሏል... አይ፣ እየሳቁ ነው። አንድ ቃል አይገባኝም።